የኢም ገንዳዎች፦ አምስት ቀን በአንዲት የእንግሊዝ መንደር

ረቡዕ

የኢምን ስም መጀመሪያ የሰማሁት በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሁላችንንም በየቤታችን በዘጋን ጊዜ ነው። ከ350 ዓመታት በፊት ቸነፈር ሲገባባት በፈቃዷ ራሷን ስለዘጋች አንዲት መንደር ጋዜጦች ደጋግመው ይጽፉ ነበር። ሄጄ ለማየት ያሰብኩት ያን ጊዜ ቢሆንም ሐሳቤ የተሳካው ቆይቶ፣ ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የመንደሯ ስም በእንግሊዝኛ አጻጻፉ «ኤያም» የሚያሰኝ ነው፤ ነዋሪዎቿ ግን «ኢም» ብለው በአጭሩ ይጠሯታል፤ እኔም ሼፊልድ ባቡር ጣቢያ ላይ «ኤያም» ብዬ ጠይቄ በትሕትና ታርሜያለሁ።

ከለንደን ሼፊልድ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሼፊልድ በየጣቢያው በሚቆመው ትንሽ ባቡር ተሳፍሬ ከከተማው ጥቂት እንደራቅን፣ በ1893 ቁፋሮው ወዳለቀው የቶትሊ ዋሻ ገባን። ዋሻው 5.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጨለማው ሊያልቅ አይደለም ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ግሪንድልፎርድ ጣቢያ ላይ ብቅ አልን። ወዲያ ማዶ ከተማ ነበር፤ ወዲህ ጫካ፣ የወንዝ ድምፅና የድንጋይ አጥር የከፋፈለው አረንጓዴ ተራራ ብቻ ነው። ይህ አገር ፒክ ዲስትሪክት ይባላል፤ በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሆነውም እሱ ነው።

ከጣቢያው እስከ ኢም ያለውን አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በእግሬ ለመሄድ ወሰንኩ። በእንግሊዝ ገጠር አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ቀጣዩን ሊጠብቅ ከፈለገ ስንቅ ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል። እግረኛ በመሆኔ ግን አንድ ነገር አተረፍኩ። ግሪንድልፎርድ መንደር መግቢያ ላይ ካለው የቅድስት ሄሌና ቤተ ክርስቲያን ጋር በተያያዘ ክፍል ውስጥ ሱቅ አገኘሁ፤ ዳቦ፣ ወተት፣ የአካባቢው አይብ፣ ጋዜጣና ቴምብር ይሸጥበታል። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የማኅበረሰብ ሱቅ ነው፤ ከባንኮኒው ጀርባ የቆሙትም ሴት ያለ ደመወዝ በተራቸው የሚያገለግሉ ናቸው። የእንግሊዝ መንደሮች ሱቅ የሚያጡበት መንገድ ይመሳሰላል፦ ባለቤቱ ያረጃል፣ ልጆቹ ከተማ ይቀራሉ፣ ገበያተኛው በመኪናው ወደ ትልቁ ሱፐርማርኬት ይሄዳል፣ በመጨረሻ በሩ ይዘጋል። መኪና የማይነዱት አዛውንት ግን ለአንድ ሊትር ወተት መንገድ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት በብዙ ቦታ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ሱቁን ራሱ ይከፍታል፤ በብዙዎቹም ሕጉ ምንም ያህል ገንዘብ ያዋጣ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። እድር ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ ኢም ስደርስ መሽቶ ነበር። የመኝታና ቁርስ ቤት የሚያስተዳድሩት አሳዳሪዬ፣ ጸጉራቸው ፍጹም የነጣ ሴትዮ፣ ሻይ ሰጥተውኝ ሲያበቁ «ውሃችንን አይተሃል?» አሉኝ። የመጠጥ ውሃ የሚሉ መስሎኝ አመሰገንኩ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው ከበር አወጡኝና በመንገዱ ዳር ያለውን፣ ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ገንዳ አሳዩኝ። ኢም በ1588 ከተራራው ሥር ከሚፈልቁ ምንጮች ውሃ በቧንቧ ወደ መንደሩ አውርዳ በየሰፈሩ እንዲህ ባሉ ገንዳዎች ለሕዝብ ታድል ነበር፤ በእንግሊዝ ለሕዝብ ውሃ በዚህ መልክ ካደረሱት የመጀመሪያዎቹ መንደሮች አንዷ ናት ይባላል። በአያቴ አገር ቦኖ የገባው እኔ ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ነው፤ የቦኖ ወረፋ ምን ያህል ወሬ፣ ጠብና ዕርቅ እንደሚያስተናግድ ስለማውቅ ገንዳውን ከታሪክ ቅርስ ይልቅ እንደ መሰብሰቢያ ቦታ አየሁት።

ሐሙስ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ የድንጋይ መስቀል አለ፤ በግድግዳው ላይ ደግሞ በ1775 የተሠራ፣ የሩቅ አገር ከተሞች ስም የተቀረጸበት የፀሐይ ሰዓት ተሰቅሏል። ሕዝቡ እርሳስ ማዕድን እየቆፈረ ይኖርባት በነበረች ተራራማ መንደር ውስጥ የሩቁን ዓለም ሰዓት ማወቅ ማን አማረው ብዬ ተገረምኩ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። በ1665 ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ከለንደን ወደ ኢም ልብስ ሰፊ ቤት የጨርቅ ጥቅል ይላካል። ጨርቁ እርጥብ ስለነበረ የልብስ ሰፊው ረዳት ጆርጅ ቪካርስ እሳት ዳር ዘርግቶ ያደርቀዋል፤ በውስጡም ቸነፈር የሚያስተላልፉ ቁንጫዎች እንደነበሩ ይታመናል። ቪካርስ መስከረም 7 ቀን ሞተ። ሞቱ በክረምቱ ቢቀዘቅዝም በቀጣዩ ዓመት በጋ ሲገባ ገነፈለ። ያን ጊዜ የደብሩ ቄስ ዊልያም ሞምፐሰን መንደሩ ራሱን ይዝጋ፣ በሽታውም ወደ ጎረቤት አገር አይዛመት የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሆኖም ሞምፐሰን ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበረ ሕዝቡ ብዙም አያምነውም፤ የሚወዱት የቀድሞውን ቄስ ቶማስ ስታንሊን ነበር፤ ስታንሊ ደግሞ አዲሱን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አልቀበልም ብሎ ከሥልጣኑ የተባረረ ሰው ነው። ሁለቱ በሃይማኖት አቋማቸው ተቃራኒ ሆነው ሳሉ ለዚህ ጉዳይ አብረው ሕዝቡ ፊት ቆሙ። ጉባኤው ሐሳቡን የተቀበለው በዚህ ነው፤ ከመላው ታሪክ ውስጥ ደጋግሜ የማስበውም ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ጸሎት በሜዳ ሆነ፤ ሟችን በመቃብር ሥፍራ መቅበር ቀርቶ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሰው በጓሮው ወይም በማሳው ቀበረ። በጎረቤት ያለው የቻትስዎርዝ ጌታ፣ የዴቮንሺር አርል፣ ምግብ ይልክ ነበር። በሽታው በ1666 ኅዳር 1 የመጨረሻውን ሰው ወስዶ እስኪያቆም ድረስ 260 ያህል ሰዎች ሞቱ። መንደሩ ውስጥ በጠቅላላው ስንት ሰው እንደነበረ ግን የታሪክ ጸሐፍት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ደግሞም ሁሉም እኩል አልተዘጋም፤ አንዳንድ ባለጠጎች ቀድመው ወጥተዋል፤ ሞምፐሰን ራሱ ሁለት ልጆቹን አስቀድሞ ወደ ዘመዶች ልኳል። ሚስቱ ካትሪን ግን አልሄድም ብላ ቀረች፤ ነሐሴ 25 ቀን የተቀበረችበት መቃብር በግቢው ውስጥ ከሩቅ ይታያል። ልጆቹን በማሸሹ ልፈርድበት አልደፍርም፤ ግን ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያሸሹበት ዘመድ አልነበራቸውም።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ «የቸነፈር ቤቶች» የሚባሉት በተርታ ቆመዋል። በየአጥራቸው ላይ በዚያ ቤት ማን ማን በየትኛው ቀን እንደሞተ የሚዘረዝር አረንጓዴ ሰሌዳ አለ። እኔን ያስደነቀኝ ሰሌዳው ሳይሆን ከመስኮቱ ውስጥ የሚሰማው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ድምፅ ነው። ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ ይዛ ከአንደኛው በር ስትወጣ ሰሌዳውን ፎቶ የሚያነሡ ጎብኚዎች መንገድ ለቀቁላት፤ እሷም እንደለመደ ሰው በፈገግታ አለፈች። ቤቷ የሌላ ሰው ሙዚየም የሆነበት ኑሮ ይከብዳል ብዬ ነበር፤ ፊቷ ግን ሌላ ያወራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ወጥቼ ራይሊ መቃብሮች ዘንድ ደረስኩ። በሜዳ መካከል በክብ የድንጋይ አጥር የተከለሉ ጥቂት መቃብሮች ናቸው። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የተባለች ሴት ከነሐሴ 3 እስከ 10 ባሉት ስምንት ቀናት ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን እዚህ እየጎተተች አምጥታ ብቻዋን ቀበረች። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ከዚያ ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወርደው የእግር መንገድ ላይ የድንበር ድንጋዩን አገኘሁ። በላዩ ስድስት ጉድጓዶች አሉ፤ የኢም ሰዎች ጉድጓዶቹን በአቸቶ ሞልተው ሳንቲማቸውን ይጨምሩ ነበር፤ የጎረቤት መንደር ሰዎች ገንዘቡን ወስደው በምትኩ ምግብ ይተዉ ነበር። ስለ ተሕዋስያን ማንም በማያውቅበት ዘመን አቸቶ ያነጻል ብለው መገመታቸው ይገርማል። ጣቴን በአንዱ ጉድጓድ ስከት የዝናብ ውሃና አንድ የጎብኚ ሳንቲም ነካሁ።

ዓርብ

ለሙታን የመጣሁ ሰውዬ ዛሬ ለሕያዋን ዋልኩ። አሳዳሪዬ ቁርስ ላይ «እጅህ ሥራ ይችላል?» ብለው ጠየቁኝና አበባ ወደሚለጠፍበት ቤት ወሰዱኝ። በደርቢሺር መንደሮች ምንጮችንና ገንዳዎችን በአበባ ማስጌጥ የቆየ ልማድ ነው፤ በኢም የሚደረገው በነሐሴ መጨረሻ፣ ከመንደሩ ዓመታዊ በዓል ጋር ነው። መጀመሪያ ትልልቅ የእንጨት ሰሌዳዎች ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያ ጨው የተቀላቀለበት የሸክላ ጭቃ በእግር ተረግጦ ይለሰልስና ይለቀለቅባቸዋል። በወረቀት የተሣለው ሥዕል ጭቃው ላይ ይነጠፍና መስመሩ በመርፌ ይበሳል። ቀጥሎ መስመሩን አልደር በሚባል ዛፍ ጥቋቁር ፍሬ ይከተሉታል፤ በአንዳንድ ቦታ የቡና ፍሬም ይደረጋል ሲሉኝ፣ ቡና ለዚህ መዋሉን አያቴ ብትሰማ ምን ትል ይሆን አልኩ በሆዴ። በመጨረሻ የአበባ ቅጠል፣ የዛፍ ሽበትና ዘር እየተለቀመ ሥዕሉ ይሞላል። ከተፈጥሮ ያልተገኘ ነገር አይገባበትም።

ለእኔ የሰማዩ ግራ ማዕዘን ተሰጠኝ፤ ሰማያዊውም ሃይድሬንጃ ከሚባለው አበባ የተለቀመ ነው። ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ እንደ ጣራ ክዳን ይደረደራል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በላዩ እንዲንሸራተት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከላይ ጀምሬ አንድ እጅ ስፋት ከለጠፍኩ በኋላ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ምንም ሳይናገሩ ሁሉንም አንድ በአንድ ነቅለው እንደገና አስጀመሩኝ። ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ ከእኔ በቀር ወጣት ሊባል የሚችል ሁለት ብቻ ነበሩ። ወሬው ሁሉ የሻይ ወረፋ፣ የአንዲት ሴት የጉልበት ቀዶ ሕክምና፣ የመቃብር ሥፍራው ሣርና በሰበካ አዳራሽ የጠፋ ትልቅ ጀበና የሚያህል የሻይ ማፍያ ነበር። ማፍያው ማን ቤት ነው የሚለው ጥያቄ ብቻ ግማሽ ሰዓት ወሰደ።

በእረፍት ሰዓት የመንደሩን ማስታወቂያ ሰሌዳ አነበብኩ። ፓሪሽ ካውንስል የሚባለው የመንደር ምክር ቤት የስብሰባ ጥሪ ለጥፏል። እነዚህ ምክር ቤቶች በ1894 በወጣ ሕግ የተቋቋሙ ሲሆኑ አባላቱ ደመወዝ የላቸውም፤ ከቤት ግብር ላይ በሚደርሳቸው ጥቂት ገንዘብ አግዳሚ ወንበር ያሳድሳሉ፣ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ይጠብቃሉ፣ ስለ እግር መንገድ ይከራከራሉ። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ግን የብሔራዊ ፓርኩ ባለሥልጣን ነው፤ እነሱ አስተያየት ከማቅረብ አያልፉም። ይህንንም ያለ ማማረር አልነገሩኝም።

ማታ መካኒክስ ኢንስቲትዩት የሚባለውን ሕንፃ አሳዩኝ። ስሙ ጋራዥ ቢመስልም ሠራተኛው እንዲማርበት የተቋቋመ ነው። በ1824 እንደ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ፤ አባላቱ በሳምንት አንድ ፔኒ ያህል ይከፍሉ ነበር፤ በፊቱ ዓምዶች የቆሙለት የዛሬው ሕንፃ በ1859 ተሠራ። ዛሬ የመንደሩ ክበብና መሰብሰቢያ ነው። የማዕድን ቆፋሪ ልጅ በፔኒ መጽሐፍ የሚዋስበት ቤት ቢራ የሚጠጣበት መሆኑን አንዳንዱ ውድቀት ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን መብራቱ አለመጥፋቱን ወደድኩ።

ቅዳሜ

ሰሌዳዎቹ በትራክተር ተጭነው ወደየቦታቸው ሄዱ። የእኛው ስምንት ሰው አስጨንቆ ቆመ። ሲቆም ማንም አላጨበጨበም፤ አንዱ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ራሱን ዘንበል አድርጎ አየና «ወደ ግራ ትንሽ» አለ፤ ስምንቱም እንደገና ተሸከሙት።

ቀኑን በመንደሩ ስዞር ዋልኩ። ሺህ የማይሞላ ሰው የሚኖርባት ኢም ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ሻይ ቤቶች፣ ማይነርስ አርምስ የሚባል የቆየ መጠጥ ቤት፣ የወጣቶች ማደሪያና ከሜቶዲስት ጸሎት ቤት የተለወጠ ሙዚየም አላት። ሙዚየሙን የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በጣራው ላይ ነፋስ የሚያመለክተው ዶሮ ሳይሆን አይጥ ነው። በኢም አዳራሽ ፊት ለፊት ደግሞ ጥፋተኛ እግሩ ተቆልፎ ለሕዝብ የሚታይበት የእግር ግንድ እስከ ዛሬ አለ፤ ልጆች እግራቸውን ከተው ይሣሣቃሉ።

ሁሉ ያማረ መስሎ እንዳይታይ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ የሰማሁትንም ልጻፍ። አብሮኝ የተቀመጠ የድንጋይ አጥር ሠሪ ሁለት ልጆቹ ቼስተርፊልድ ተከራይተው እንደሚኖሩ ነገረኝ፤ በተወለዱበት መንደር ቤት መግዛት አልቻሉም። የከተማ ሰው ለዕረፍት ወይም ለእንግዳ ማከራያ ሲገዛ ዋጋው ይሰቀላል፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አዲስ ቤት መሥራትም ቀላል አይደለም። «ቤቶቹ ሙሉ ናቸው፤ ክረምት ላይ ግን የሚበራውን መስኮት ቁጠር» አለኝ። እኔም በእንግዳ ማረፊያ ከሚኖሩት አንዱ ስለሆንኩ ብርጭቆዬን አየሁ። አበባ የሚለጥፉት ሰዎች ለምን እንዳረጁ ያን ጊዜ ገባኝ።

ማምሻውን ወደ ሰሜን ዳገቱን ወጥቼ ሞምፐሰን ጉድጓድ የሚባለውን ምንጭ አየሁ። እዚህም ከውጭ የመጣ ምግብና መድኃኒት ይቀመጥ ነበር፤ ገንዘቡ በሚፈሰው ውሃ ውስጥ ይታጠባል። ብረት አጥር ተደርጎለት በሣር ተከቧል፤ ድምፁ ካልተጠጉት አይሰማም።

እሑድ

የነሐሴ የመጨረሻው እሑድ «የቸነፈር እሑድ» ይባላል። መታሰቢያው የተጀመረው መቅሰፍቱ 200 ዓመት በሞላው በ1866 ነው። በካትሪን ሞምፐሰን መቃብር ላይ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ሕዝቡም ካክሌት ዴልፍ ወደሚባለው ሸለቆ ይወርዳል፤ በ1666 ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ጸሎት የተደረገበት ቦታ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ ቆሞ ነበር ይባላል። ዛሬ ሰዉ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ይመጣል፤ አሳዳሪዬ ሁለት አሸክመውኝ ነበር፤ ሁለተኛው ለጉልበት ታማሚዋ ነው። በሣሩ ላይ ዝማሬው ሲጀመር ድምፁ ከሸለቆው ግድግዳ ተመልሶ ይመጣል። በየዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለውን አስታወስኩ፤ የ1918ቱን የኅዳር በሽታ ሰው ሁሉ ባያስታውስም ጭሱን ግን ያውቀዋል። እዚህም ከጎኔ ያለ ሕፃን ስለ ቸነፈሩ ምን እንደሚያውቅ አላውቅም፤ መዝሙሩን ግን በቃሉ ያውቅ ነበር።

የበዓሉ ሰልፍና የበግ ጥብስ ስለሚቆዩ አልጠበቅኳቸውም። ወንበሮቹን መልሼ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ዝናብ ጀመረ። አውቶቡሱ ሊደርስ አሥራ አምስት ደቂቃ ስለቀረው ወደ ገንዳው ሄድኩ። ውሃው እንደ ነገሩኝ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር፤ ሥዕሉም አልተነካም። የሰማዩ ግራ ማዕዘን ላይ ብቻ፣ አዛውንቱ ሳያዩት በቀረ አንድ ቦታ፣ ሦስት ሰማያዊ ቅጠሎች ተነቅለው ገንዳው ውስጥ ይንሳፈፉ ነበር።